የሚያዠው ግድብ

ባለፈው ክረምት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባች ጓደኛዬን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከታክሲ ወርጄ ወደ ሕንፃዋ ስሻገር ሠራተኞች የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፍራሉ። ከሥር ያወጡትን ቀይ ሸክላ አፈር ዝናብ መትቶታል፤ ከጎኑ ደግሞ ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከነቅጠሉ ተከምሯል። የእርጥብ ሸክላና የባሕር ዛፍ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣ እግሬ ቆመ። ከሠራተኞቹ አንዱ «እናት፣ መንገዱ በዚያ በኩል ነው» እስኪለኝ ድረስ ጃንጥላዬን ይዤ እዚያው ተገትሬ ነበር። ለዚያች አፍታ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፀጉሬን የተላጨሁ፣ በአክስቴ በወይንሸት ግድብ ላይ የቆምኩ።

በእርግጥ ግድቡ የአክስቴ አልነበረም። ከእንጦጦ ተዳፋት ወደ የካ በሚወርድ ጠባብ ሸለቆ ላይ በጃንሆይ ዘመን አንድ ባላባት ለመዝናኛው ያሠራው ነው። የሸለቆውን ጉሮሮ በአፈር ደልድሎ፣ በውሃው በኩል ያለውን ፊቱን በድንጋይ አልብሶ፣ ከኋላው ትንሽ ሐይቅ አቆመ። ደርግ ሲመጣ ቦታው የቀበሌ ሆነ፤ በሩ ላይ «የሰፊው ሕዝብ መዝናኛ» የሚል ጽሑፍ ተሰቀለ። እሑድ እሑድ ሰው እየመጣ ሣሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለት ቀይ ጀልባዎችም ነበሩ። የአክስቴ ባል ጋሽ ደበላ ግድቡ ከተሠራ ጀምሮ ጠባቂው ነበር። እሱ ሲሞት ሥራውን ከእሷ በቀር የሚያውቀው ሰው ስላልተገኘ ለእሷው ተተወላት። ሰፈሩም ከዚያ ወዲህ «የወይንሸት ግድብ» ይለው ጀመር።

ወደ እሷ የተላክሁት እናቴ ድሬሰር ስለነበረች ነው። በዚያ ዓመት ክረምቱን ገጠር ወርዳ ክትባት እንድትሰጥ ታዘዘች። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ በሰኔ መጨረሻ አንድ ቀን ከነሻንጣዬ አክስቴ ደጃፍ ላይ ተራገፍኩ። ጭንቅላቴ ላይ ጭርት ወጥቶብኝ ስለነበር እናቴ ፀጉሬን ላጭታ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው የቁስል መድኃኒት በትልቅ ጠርሙስ አሲዛኝ ነበር። «ክረምቱን ሙሉ ይብቃሽ፤ እንዳታፈሺው፤ የነካውን ሁሉ ያቀልማል» አለችኝ። እውነቷን ነው። በሳምንቱ ትራሴም፣ ጣቴም፣ የአክስቴ ነጠላ ጥለትም ወይን ጠጅ ሆነ። የሰፈሩ ልጆች «ባለቆቧ» አሉኝ፤ ከሩቅ ሲያዩኝ ቆብ ያደረግሁ እመስል ነበርና።

አክስቴ ቀጭንና ረጅም ነበረች፤ ንግግሯ ቁጥብ ነው። ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምትሠራው ጫማዋን ማውለቅ ነው። ከዚያ ግድቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ በባዶ እግሯ ትሄድበታለች። መጀመሪያ ስለት ያለባት መስሎኝ ነበር። ስጠይቃት «የረጠበውንና የላላውን እግር ቶሎ ያውቀዋል፤ ዓይን ሣሩን ብቻ ነው የሚያየው» አለችኝ። በመንገዷ ላይ የበቀለ የባሕር ዛፍ ችግኝ ካገኘች ከነሥሩ ትነቅላለች። ፍልፈል የቆፈረበትን ካየች አካፋዋን ይዛ ትጠብቃለች። በፍልፈል ላይ ምሕረት አልነበራትም። «ይቺ ከሥር ከሥር እየሰረሰረች ነው አገር የምታፈርሰው» ትል ነበር።

ከዚያ ወደ ግድቡ ጀርባ እንወርዳለን። እዚያ ግርጌው ላይ፣ ከሁለት ድንጋዮች መካከል፣ ቀጭን ውሃ ይወጣል። አክስቴ ከሥሩ የዘይት ቆርቆሮ ትደቅንና «አባታችን ሆይ» ትጀምራለች። ሰዓት አልነበራትም፤ የምትለካው በጸሎት ነው። ቆርቆሮው አባታችን ሆይ አልቆ፣ እመቤቴ ማርያም ሆይ ተጋምሶ ከሞላ ግድቡ ደህና ነው። በመጨረሻ ከውሃው በብርጭቆ ትቀዳና ወደ ሰማይ አንስታ ታየዋለች።

«ምን እያየሽ ነው አክስቴ?»

«ይኸውልሽ ጽጌ፣ ግድብ ሁሉ ያዣል። የማያዥ የለም። ንጹሕ እስካዠ ድረስ ምንም አይደል። የደፈረሰ ዕለት ግን አፈሩን ይዞ እየወጣ ነው፤ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው።»

እኔ የድሬሰር ልጅ ነኝ። የሚያዥ ነገር የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ቁስል። እናቴ በሽተኞቿን መጀመሪያ የምትጠይቀው «ያዣል ወይ?» ብላ ነው። ስለዚህ ያን ቀን በልቤ የያዝኩት፣ ግድቡ የቆሰለ ትልቅ ፍጡር እንደሆነና አክስቴ አስታማሚው እንደሆነች ነው። እንዲያ ሳስብ ጠዋት ጠዋት በባዶ እግሯ መሄዷም ገባኝ። በሽተኛ ላይ በጫማ አይሄዱም።

ከግድቡ በታች፣ በወንዙ ዳርና ዳር፣ ሠላሳ የሚሆኑ ቤቶች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ቀበሌው የከፈተው መዋዕለ ሕፃናት አለ፤ ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ሲዘምሩ ግድቡ ላይ ሆነን እንሰማቸዋለን። የመጀመሪያው ቤት የኦቦ ጉደታ ነው። ኦቦ ጉደታ ከሰባ በላይ የሆናቸው፣ ወገባቸው ጎብጦ ዓይናቸው ያልደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ግድቡ ሲሠራ አፈር በቅርጫት ካመላለሱት አንዱ ናቸው። ከአክስቴ ጋር ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ያወራሉ፤ ለእኔ ሲሆን በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል።

በዚያ ክረምት ዝናቡ ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ አላባራም። በዚያው ሰሞን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው ለአብዮት በዓል የጀልባ ውድድር እንዲደረግ ወሰነ። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ፤ ሐይቁ እስከ አፉ መሙላት አለበት። ጓድ ሽፈራው ድሮ አናጢ ነበር፤ እጁ ጎበዝ ነው። በግድቡ ጫፍ ትርፉ ውሃ ወጥቶ የሚሄድበትን ማስተንፈሻ ራሱ በለካው፣ ራሱ በላገው ጣውላ ዘጋው። ጣውላዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ሣጥን ክዳን ገጥመው ነበር። ውሃውም ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከፍ እያለ መጣ።

አክስቴ ለማየት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ሥራህስ ያምራል» አለችው። «ግን ግድብ እንደ ሰው ነው ጓድ ሽፈራው፤ ማስተንፈሻ ካጣ ይፈነዳል።»

«ሁለት ወር ብቻ ነው እትዬ ወይንሸት» አለ፤ መዶሻውን ቀበቶው ውስጥ እየሻጠ። «ሕዝቡ ድሮ በአጥር ቀዳዳ ነበር ይህን ሐይቅ የሚያየው። እኔም ልጅ ሆኜ በቀዳዳ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ሞልቶ ይየው፤ ጀልባ ላይ ወጥቶ ይየው።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው አሁን ብቻ አይደለም፤ ያኔም ይታወቀኝ ነበር፤ ሲስቅ ድዱ ይታያል፤ እኛን ልጆችን በየስማችን ያውቀናል።

በነሐሴ መጀመሪያ ቆርቆሮው እመቤቴ ማርያም ሆይ ሳይጀመር መሙላት ጀመረ። ከሳምንት በኋላ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስንደርስ ሞልቶ ፈሰሰ። አክስቴ ብርጭቆዋን አነሳች። ውሃው ላይ ቀጭን ደመና የመሰለ ነገር ነበር፤ አቁመነው ስንቆይ ከሥሩ ጣት የማይሞላ ቀይ አፈር ተቀመጠ። አክስቴ ብርጭቆውን እንደያዘች ቁልቁል የቤቶቹን ጣሪያ አየች።

የዚያን ቀን ኦቦ ጉደታ ወደ ውሃው በኩል ወሰዱኝ። ድንጋዩ ላይ ቁጢጥ ብለው ወደ ዳር በጣታቸው አሳዩኝ። «ኢላሊ» አሉኝ፤ እዪ ማለታቸው ነው። አንዲት የባሕር ዛፍ ቅጠል ውሃው ላይ ተንሳፍፋ ትዞራለች። ከዳር ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ቀስ እያለች ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ እንደተጠራች ወደ ውስጥ ገባችና ጠፋች። ሌላ ጣሉ፤ እሷም ዞራ ገባች።

«አፍ አለው እዚህ» አሉ ኦቦ ጉደታ። «ይጠጣል።»

እኔ ግን አፍ አልመሰለኝም። ቁስሉን ያገኘሁት መሰለኝ።

አክስቴ የደፈረሰውን ውሃም የቅጠሏንም ነገር ለሊቀመንበሩ ነገረችው። መልሱን እሑድ ስብሰባ ላይ አመጣው። የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ነበር፤ ከሰው ልብስ የሚነሳው የእርጥብ ጋቢ ሽታ አፍንጫ ይይዛል። አክስቴ ተነስታ ማስተንፈሻው ተከፍቶ ውሃው እንዲቀንስ ጠየቀች። ብርጭቆውንም አሳየች።

«ጓድ ወይንሸት» አለ ሊቀመንበሩ፤ በስብሰባ ላይ እትዬ አይልም። «በነሐሴ የማይደፈርስ ውሃ የት አለ? ቧንቧው ሳይቀር ይደፈርሳል። ያ ከተራራው የሚወርድ የዝናብ ውሃ ነው እንጂ የሐይቁ አይደለም። ቅጠል ዞረ ተባለ፤ ቅጠል በነፋስ ይዞራል።»

ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ልክ ይመስል ነበር። ውሃው ከየት እንደሚመጣ አክስቴ በምን ታሳያቸው?

ከዚያ ጓድ ሽፈራው ድምፁን ከፍ አደረገ። ከኋላው የተቀመጡ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ የተናገረው ለእነሱ ይመስለኛል። «ጓዶች! የሕዝቡን በዓል ማደናቀፍ የሚፈልጉ አሉ። ከሥር ከሥር እየሰረሰሩ የገነባነውን የሚንዱ አሻጥረኞች አሉ!»

እኔ አሻጥረኛ የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከሥር ከሥር የሚሰረስረውን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። በመጨረሻ ስለ እኛ ሥራ የሚያወራ ሰው ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። እጄን አወጣሁ፤ ሳይፈቀድልኝ ተነሳሁ።

«አሻጥረኞቹንማ አክስቴ በአካፋ ነው የምትላቸው! ባለፈው ሳምንት ሦስት ገድላለች!»

ሁለቱ እንግዶች አንገታቸውን ቀና አድርገው አክስቴን አዩዋት። የአክስቴ እጅ ማጅራቴ ላይ አረፈ። ኦቦ ጉደታ ከጥግ በኩል «ፍልፈል! ፍልፈል ነው የምትለው ልጂቱ!» ብለው ጮኹ። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ጓድ ሽፈራው ግን አልሳቀም። «ልጅቷን አስተምሪያት» አለ። «የግድቡን ማስተንፈሻም ሆነ በር ያለ ቀበሌው ትእዛዝ ማንም እንዳይነካ።»

ቤት ገባን። እንደምትገርፈኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሷ ግን በርጩማ ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ጽጌዬ፣ ያ ቃል ሰው ያስበላል። ዳግመኛ እንዳትዪው።»

«ፍልፈል አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ሰው ነው። ሰውን ነው እንደዚያ የሚሉት።»

ቀጥላ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። አክስቴን ስታለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በእኔ ምክንያት ግድቡ ሳይታከም ሊቀር መሆኑ ገባኝ። ሌላ ባይገባኝም ይህ ገባኝ።

በማግስቱ ዝናቡ ለጥቂት ሰዓት አባርቶ ፀሐይ ወጣ። አክስቴ ቆርቆሮዋን ይዛ ወደ ግርጌው ስትወርድ እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ጠርሙሴን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ለራሴ ጭርት በቀን አንድ ጊዜ በጥጥ ይነካ ነበር የተባልኩት፤ ግድብ ግን ትልቅ ነው። በድንጋዩ ላይ በሆዴ ተኛሁ፣ ኦቦ ጉደታ ያሳዩኝን ቦታ ቅጠል ጥዬ አረጋገጥኩ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ዘቅዝቄ እስከ ጠብታው አፈሰስኩት። መድኃኒቱ ውሃው ላይ እንደ ትልቅ አበባ ተዘረጋ። ቀስ ብሎ ዞረ። ከዚያ እየጠበበ፣ እየጠበበ ወደ ውስጥ ገባ። «እግዜር ይማርህ» አልኩት፤ እናቴ ለበሽተኞቿ የምትለው ነው።

ከዚያ ተነስቼ በግድቡ አናት ላይ ቆምኩ። ከታች አክስቴ ጸሎቷን ስታነበንብ ትታየኛለች። ከቆርቆሮው በብርጭቆ ቀዳች። ወደ ሰማይ አነሳች። ከዚያ ብርጭቆው ከእጇ ሊወድቅ ሲል በሁለት እጇ ያዘችው።

«ኦቦ ጉደታ! ኧረ ኦቦ ጉደታ፣ ድረሱ!»

እየሮጥኩ ወረድኩ። ከሁለቱ ድንጋዮች መካከል የሚወጣው ውሃ ወይን ጠጅ ነበር። ድንጋዮቹም፣ ሣሩም፣ ቆርቆሮውም ቀልመዋል። ደም መሰለኝ። ላድነው ብዬ ደም አስተፋሁት ብዬ ጮኼ አለቀስኩ።

«እኔ ነኝ! መድኃኒቱን አድርጌለት ነው! አክስቴ እንዳትቆጪኝ፣ ቁስሉ ላይ ነው ያደረግሁት!»

«የት? የት ነው ያፈሰስሽው?»

«ቅጠሏ የገባችበት።»

አክስቴና ኦቦ ጉደታ ተያዩ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። አክስቴ ብርጭቆውን ለእሳቸው ሰጥታ፣ ወይን ጠጅ የሆነውን ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሬን ሳመችኝ። ምን እንዳደረግሁ አላወቅሁም፤ ሳመችኝ እንጂ።

ሦስታችን ወደ ቀበሌው ሄድን። ጓድ ሽፈራው ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ የበዓሉን ቅስት የሚያቆሙ ሰዎችን ያዛል። አክስቴ ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር አደረገችለት።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የልጅቷ የራስ መድኃኒት ነው። በሐይቁ በኩል ገባ፣ በግድቡ ሆድ አለፈ፣ ከታች ወጣ። እኔ አንድ አባታችን ሆይ ሳልጨርስ ወጣ። ዝናብ ወይን ጠጅ አይዘንብም፣ ሽፈራው።»

ጓድ አላለችውም። እሱም አላረማትም። ብርጭቆውን ተቀብሎ አየ፤ እኔን፣ ጭንቅላቴን አየ። ከዚያ ቀድሞን መሄድ ጀመረ። ግርጌው ጋ ሲደርስ የቀለሙትን ድንጋዮች ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ነካ። ጣቱን አየው። ከበስተጀርባችን የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ይዘምራሉ፤ የእሱ የመጨረሻ ልጅ ከእነሱ ጋር ነበረች።

«ስንት ቀን አለን?» አለ።

«ቀን እንዳለን አላውቅም» አለች አክስቴ።

እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ ልጆቹ ወጡ፤ አስተማሪዎቻቸው እጅ ለእጅ አያይዘው ወደ ቀበሌው አዳራሽ አወጧቸው፣ መዝሙሩን እንኳ አላቋረጡትም። ቀጥሎ የሠላሳው ቤት ሰው ፍራሹን፣ ዶሮውን፣ ድስቱን ተሸክሞ ወጣ። ጓድ ሽፈራው ማስተንፈሻው ጋ ደረሰና መዶሻውን ከቀበቶው አወጣ። አንድ ወጣት «እኔ ልስበረው ጓድ» ሲለው «ሥራው የኔ ነው» አለና ያን የሚያምር ጣውላ አንድ በአንድ ገነጠለው። ውሃው በወገቡ በኩል እያጓራ አለፈ።

ከግድቡ ሥር ውሃ የሚለቀቅበትን የታችኛውን በር የሚከፍተው የብረት መዘውር ጋሽ ደበላ ከሞተ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ዞሮ አያውቅም፤ ዝጎ ነበር። ላምባ አፈሰሱበት፣ የባሕር ዛፍ ግንድ በመሃሉ አሳለፉና ስምንት ሰው ተንጠለጠለበት። ስምንተኛዋ አክስቴ ናት። ብረቱ እንደ ጅብ ጮኸ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ሄደ። ከእግራችን ሥር የሆነ ነገር ሲያጉረመርም ተሰማን፤ በሩቅ፣ በወንዙ ውስጥ፣ ውሃው ተተፋ።

ወጣቶቹ እልል ብለው ሊጨምሩ ሲሉ አክስቴ «በቃ!» አለች።

«ለምን? እንክፈተውና ይውጣ እንጂ!» አለ ጓድ ሽፈራው።

«ውሃ የጠጣ ግድብ ሲቸኩሉበት ይናዳል። ደበላ በቀን ከአንድ ክንድ በላይ አውርዶ አያውቅም። ቀስ።»

ሊቀመንበሩ እጁን ከግንዱ ላይ አነሳ። «እሷ እንዳለችው» አለ ለወጣቶቹ። ከዚያ ወዲያ ለአራት ቀን ቀበሌው የሚታዘዘው በአክስቴ ነበር። ጠባቂዎች ተመደቡ፣ ሰው ሁሉ እየተፈራረቀ ጸሎት እያደረሰ ቆርቆሮ ለካ። ካድሬ ነው የሚባል አንድ ወጣት እንኳ አባታችን ሆይን ሲደግም ሰምቼዋለሁ፤ በጸጥታ ነው፣ ግን አልዘለለም።

ውሃው በወረደ በአራተኛው ቀን ቁስሉ ታየ። ክንድ የሚያስገባ ጥቁር ቀዳዳ ነበር፤ ከንፈሩ ወይን ጠጅ ነው። ሲቆፍሩት ውስጡ የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ሥር ሆኖ ተገኘ። ኦቦ ጉደታ ወዲያው አስታወሱት። ባላባቱ እይታዬን ከለለብኝ ብሎ ግድቡ ላይ የበቀለ ትልቅ ባሕር ዛፍ አስቆርጦ ነበር፤ ሥሩን ግን ማንም አልነቀለውም። ሥሩ በስብሶ አለቀ፣ ውሃ በሥሩ መንገድ ገባ።

ጓድ ሽፈራው የበሰበሰውን ሥር በእጁ ይዞ ቆመ። ሰው ምን ሊል ነው ብሎ ይጠብቃል።

«አሻጥረኛው እንግዲህ ይኸው» አለ። ያን ጊዜ ራሱ ሳቀ፤ ድዱ ታየ። ሰውም በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ቃሉን እንዳልለው ተነግሮኛል።

ቀዳዳውን ከሥሩ ጀምረን ከፍተን፣ ከተራራው ጥግ የተቆፈረ ሸክላ እየሞላን ረገጥነው። የስንዝር ያህል ይጨመራል፣ ይረገጣል፣ እንደገና ይጨመራል። የሚረግጡት በብዛት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። አክስቴ ከላይ ቆማ «ተረከዝ! በተረከዝ!» ትላለች። ሸክላው በጣቶቻችን መካከል ይወጣ ነበር፤ ቅዝቃዜው እስከ ጉልበት ይሰማል። ባለቆቧ ያሉኝ ልጆች እጄን ይዘውኝ አብረውኝ ረገጡ።

በጳጉሜን ወር አንድ የግድብ ባለሙያ ተልኮ መጣ። ወጣት ነው፤ መነጽሩ በጭቃ ተረጭቷል። ግድቡን አይቶ ሲጨርስ አክስቴን ብዙ ጠየቃት፤ የምትለውን ሁሉ ይጽፋል። በጸሎት እንደምትለካ ስትነግረው ቀና ብሎ አያት፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ያንንም ጻፈው። «ቀዳዳውን በደንብ ነው የደፈናችሁት» አላት። «ግን ግድቡ በበጋ ተከፍቶ እስኪጠገን ሐይቁ አይሞላም። ማስተንፈሻው ደግሞ ከእንግዲህ አይዘጋም። እርስዎም ግድቡን በባዶ እግርዎ መሄድዎን አይተዉ።»

የአብዮት በዓል ዕለት እንግዶቹ መጡ። ቅስቱ ቆሟል፣ ባንዲራው ይውለበለባል፤ ሐይቁ ግን የለም። በሰፊ ጭቃ መካከል ኩሬ የምታህል ውሃ ቀርታለች፤ ሁለቱ ጀልባዎች ጭቃው ላይ ጋደም ብለዋል። ከእንግዶቹ አንዱ «ሐይቁ የት አለ?» አለ። ሁላችንም ጓድ ሽፈራውን አየነው።

«ሐይቁ ለከርሞ ይደርሳል» አለ። «ሕዝቡ ያውና» ብሎ በግርጌው ያሉትን ቤቶች አሳየ። ጣሪያዎቹ በሙሉ ይጨሳሉ፤ ምሳ እየተሠራ ነበር። እንግዳው ጣሪያዎቹን አየ። ከዚያ አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን።

ከበዓሉ በኋላ ፀሐዩ በረታና ጭቃው መጠንከር ጀመረ። አንድ ጠዋት ኦቦ ጉደታ በሐይቁ ወለል ላይ ለብቻቸው ሲመላለሱ አየናቸው። አሥር እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይዞራሉ። አክስቴ የሆነ ነገር የጠፋባቸው መስሏት ወረደች። እኔም ወረድኩ።

«ምን ጠፋብዎት ኦቦ?»

«አልጠፋም» አሉ። «ይኸው አለ። ይኼ የአባቴ ድንበር ድንጋይ ነው። ያ ደግሞ አውድማችን።»

ከአክስቴ ጋር ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነው ኖረዋል፤ አንድም ቀን አልነገሯትም። ባላባቱ መሬታቸውን ወስዶ በቅርጫት አፈር አሸክሞ ውሃ አስተኛበት፤ እሳቸውም በሕይወታቸው ሙሉ ከግድቡ በታች ሆነው የራሳቸው መሬት ላይ የተኛውን ውሃ ሲጠብቁ ኖሩ።

ጓድ ሽፈራው ሲሰማ ራሱ መጣ። «መሬቱ እስከ በጋው መጨረሻ ባዶ ነው» አለ። «ምን ይበቅልበታል?»

«እርጥብ መሬት ነው። ሽምብራ» አሉ ኦቦ ጉደታ፤ ወዲያውኑ ነው ያሉት፤ አስበውበት እንደቆዩ ያስታውቃል።

ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ከተራራው ወገን ጥንድ በሬ በውሰት መጣ። ኦቦ ጉደታ እርፉን ሲይዙ ወገባቸው የተቃና መሰለኝ። እኔ ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ ሽምብራውን በጣቴ እያንጠባጠብኩ በትልሙ ውስጥ እጥላለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ግድቡ ላይ ተቀምጦ ያያል፤ ሐይቁን ለማየት እንደሚቀመጠው ተቀምጦ። መሬቱ ሲገለበጥ ጥቁር ነበር፤ ያበራል።

በመሃል አንድ ቦታ ስንደርስ ኦቦ ጉደታ በሬዎቹን አቆሙ። እኔ የማየው እንደሌላው ሁሉ ጭቃ ነው፤ ምንም ምልክት የለውም። ማረሻውን ከመሬት አንስተው ተሸከሙትና በሬዎቹን በጎን ወሰዱ። የምንጣፍ ያህል ቦታ ሳይታረስ ቀረ።

«እዚህ ዘለሉ ኦቦ» አልኳቸው። «እዚህ አልዘራንም።»

«ደጃፋችን ነው» አሉ። «እናቴ እዚህ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ደጃፍ አይታረስም።»

በእጄ የያዝኩትን ሽምብራ ጨበጥኩት። ሽማግሌው ማረሻውን ከወዲያ በኩል አሳረፉ፣ በሬዎቹን በኦሮምኛ ተናገሯቸው፤ እኔም ደጃፉን ሳልረግጥ ዙሪያውን ሄጄ ከኋላቸው ደረስኩና መዝራቴን ቀጠልኩ።